የፒካፕ ቴስታታ ግቢ ውስጥ ስትፈቱ የሚበላሹ ነገሮች

አሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስ ያለው ሰው አንድ ቀን ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋውን የሞተሩን ክፍል፣ መፍታቱ አይቀርም። ሞተሩ ይግላል፣ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል። ሥራው ትዕግሥት ላለው ሰው ግቢ ውስጥ ይሠራል። መፍታቱን ብዙ ሰው ይችላል፤ ጉዱ የሚታየው ሲገጠም ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሞተሩ ሳይበርድ መጀመር ነው። የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል። ቴስታታውም በትኩሱ ከተፈታ ይጣመማል። ማታ አቁሙት፣ ጠዋት ጀምሩ። የባትሪውን ነጌቲቭ አስቀድማችሁ ፍቱ። ከሥር የምትገቡ ከሆነ ክሪክን ብቻ አትመኑ፣ ብሎኬትም አትደርድሩ። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው።

ሁለተኛው፣ ብሎኑን ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ መጨመር። ርዝመታቸው ይለያያል። አጭሩ በረጅሙ ቦታ ከገባ ሁለት ጥርስ ብቻ ይዞ ይበላዋል። እኔ ካርቶን ላይ የቴስታታውን ቅርጽ እስላለሁ፣ በየቦታው ቀዳዳ እበሳለሁ፣ እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ እሰካዋለሁ። ለጎማ ቧንቧዎቹ ደግሞ ፕላስተር ለጥፉና ቁጥር ጻፉ። ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ።

ጋስኬቱን በመሮ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅም ልማድ ሆኗል። መሮው ገጹን ይቧጭራል፤ የወረቀቱ አሸዋ ዘይት መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ ዘንጎቹ የሚዞሩበትን ኩሽኔታ ይበላል። በፕላስቲክ መፋቂያ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ሞተሩ ግሎ ከነበረ ደግሞ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ሳታስለኩ አትግጠሙ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚያልፈው ልምጣ። ብሎኩ ላይ፣ ቴስታታው በሚቀመጥበት የሞተሩ አካል ላይ፣ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ይቀራል። የወንድሜን መኪና ስንገጥም አንዱን ሳላደርቅ አለፍኩት። ብሎኑ ጠበቀ፣ የጥብቀቱን ልክ የሚለካው ቶርክ ሬንቹም ቀጭ አለ። በአሥረኛው ቀን ውሃው ከዚያው ጎን መንጠባጠብ ጀመረ። ፈሳሽ አይጨመቅም። ብሎኑ የጠበቀው ፈሳሹን ገፍቶ እንጂ ቴስታታውን ይዞ አልነበረም። ብሎክ የሚሰነጠቅበትም ጊዜ አለ። ካቻቪቴ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀዳዳውን እስከ ታች አድርቁ። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሙት።

በክንድ ስሜት ማጥበቅ ደግሞ ሌላው ነው። ሲፈታ ከዳር ወደ መሃል፣ ሲጠብቅ ከመሃል ወደ ዳር፣ ያውም በየደረጃው ነው። ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ተዋሱ፤ ቁጥሩን ከሞተሩ መመሪያ ውሰዱ። የተሳበ አሮጌ ብሎን አትመልሱ።

በመጨረሻ፣ ገጥሞ ወዲያው የማስነሻ ቁልፍ መጠምዘዝ። በሃይሉክሱ 2ኤልና 3ኤል ሞተር ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ የሚያዞረው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ጥርስ ከዘለለ ቫልቩ ፒስተኑን ይመታል። ስለዚህ የቺንጋውን ምልክቶች ካገጣጠማችሁ በኋላ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱን፣ በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩ። ካምሻፍቱ አንድ ዙር የሚጨርሰው ያኔ ነው። መሃል ላይ ድርቅ ካለ አታስገድዱት፣ ምልክቱን እንደገና እዩ። ካለፈላችሁ የናፍጣ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ተጫኑ፣ አየሩ ይውጣ። ከዚያ አስነሱት። ሙቀቱን እያያችሁ አሙቁት፣ አጥፉት፣ በማግስቱ ጠዋት ሲበርድ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ የጎደለውን ውሃ ሙሉ።