አሮጌ የያማሃ ዲቲና ኤጂ ሞተር ሳይክል ይዘን ጎጃም ላይ ትራያል እንዴት እናዘጋጅ፣ እንዴትስ እንንዳ

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ፣ ምክንያቱም የሞተር ውድድር ሲባል ሰው ሁሉ መብረር ነው የሚመስለው። ትራያል ላይ ፍጥነት አይቆጠርም። ድንጋይ፣ ጅረት፣ ዳገት፣ የዛፍ ሥር ያለበት አጭር መንገድ ይመረጥና ግራና ቀኙ በገመድ ይከለላል፣ ይሄ ሴክሽን ይባላል፣ ነጂው ደግሞ እግሩን መሬት ሳያስነካ፣ ሳይቆም፣ ሳይወድቅ ከመግቢያው እስከ መውጫው ማለፍ አለበት። በቃ ይሄው ነው። እግርህ አንዴ ከነካ 1 ነጥብ፣ ሁለቴ 2፣ ሶስቴና ከዛ በላይ ስንትም ጊዜ ይሁን 3። ከቆምክ፣ ከወደቅክ፣ ከገመዱ ከወጣህ 5። ምንም ሳትነካ ካለፍክ 0፣ እና መጨረሻ ላይ ትንሽ ነጥብ ያለው ነው የሚያሸንፈው። ስለዚህ ጉልበት ያለው ሞተር ሳይሆን ታዛዥ ሞተርና የተረጋጋ ሰው ነው የሚፈለገው።

የአሮጌ ሞተር ትራያል የሚባለው እንግሊዝና ስኮትላንድ ላይ በጣም የተወደደ ነገር ነው። የስኮትላንዱ የስድስት ቀን ትራያል ሥሩ በፈረንጆቹ 1909 ነው። ከ1965 በፊት የተሰሩ ሞተሮች ለብቻቸው የሚወዳደሩበት ምድብ አላቸው፣ ለምን 1965 ካላችሁ ሳሚ ሚለር የሚባለው ነጂ ከባዱን የእንግሊዝ ኤሪያል 500 ትቶ ቀላሏን የስፔን ቡልታኮ ይዞ በዛው ዓመት ስኮትላንድ ላይ አሸነፈ፣ ከዛ በኋላ ከባዶቹ ሞተሮች ገበያቸው ቀዘቀዘ። የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ 1975 ላይ ሲጀመር የመጀመሪያውን ማርቲን ላምፕኪን በዛችው ቡልታኮ ወሰደው። ያማሃም በዛው ሰሞን ሚክ አንድሩስን ይዞ ቲዋይ የምትባል የትራያል ሞተር አወጣ፣ እኛ አገር የምናውቃት ዲቲ የዛች ዘመድ ናት። ይሄን የማነሳው ለወሬ ሳይሆን እኛ ጋ ያለው ሞተር ለዚህ ስፖርት ባዳ አይደለም ለማለት ነው።

እኛ ጋ ኤሪያልና ቡልታኮ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ስንት ዓመት የግብርና ባለሙያ፣ የወባ መከላከል ሰራተኛ፣ የጤና ባለሙያ ይዞት ገጠር ለገጠር የዞረ ዲቲና ኤጂ በጨረታ ተወግዶ በየግቢው ዶሮ ሰፍሮበት ቆሟል። እነዚህ ሞተሮች ከበሮ ፍሬን ናቸው፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዙት፣ ታች ላይ ጥሩ ይጎትታሉ። የኛን ምድብ በዚህ ነው መለየት ያለብን ብዬ አምናለሁ፣ አየር ቀዝቃዛና ባለ ከበሮ ፍሬን የሆነ ሁሉ ይግባ፣ ዲስክ ፍሬን ያለው አዲስ ሞተር ለብቻው ይነዳ። የተሰራበትን ዓመት ልፈትሽ ብትሉ ሰነዱ የጠፋበት ስለሚበዛ ቀኑን ሙሉ ስትጨቃጨቁ ትውላላችሁ። የጨረታ ሞተር ስትገዙ ግን ሊብሬው በስማችሁ መዞሩን እዩ፣ ስፖርት ነው ብሎ የሚለቃችሁ ትራፊክ የለም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ፣ ሰው እዚህ ላይ ነው ያለአግባብ ገንዘብ የሚጨርሰው። ሞተሩን ማሳበድ አያስፈልግም፣ ማለዘብ ነው። የመጀመሪያው ስራ ማቅለል ነው፣ የኤጂን የፊትና የኋላ እቃ መጫኛ፣ የእግር መከላከያ ብረቱን፣ መስታወቱን ሁሉ አውልቁ። ቀጥሎ ኮረና፣ ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርሱ ማለት ነው። የፊቱን ኮረና አንድ ጥርስ መቀነስ የኋላውን ሶስት ወይ አራት ጥርስ እንደመጨመር ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ስለሆነ ከሱ ጀምሩ። ካልበቃ የኋላውን ትልቅ አስገቡ፣ ኤጂ ላይ ግን ካቴናው ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ የተሸፈነ ስለሆነ ትልቅ ኮረና ለማስገባት ሽፋኑ መውለቅ አለበት፣ ሽፋኑ ከወለቀ ደግሞ ካቴናውን አቧራው ይበላዋል፣ ከየልምምዱ በኋላ መጥረግና ዘይት መቀባት ግዴታ ይሆናል ማለት ነው።

መርገጫውን ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ታች ማስበየድ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ ምክንያቱም ትራያል የሚነዳው ቆሞ ነው። ስታስበይዱ ባትሪውን ፍቱ፣ ጥሩ በያጅ ፈልጉ፣ መርገጫ መሃል ሴክሽን ላይ ከተሰበረ እግር ይዞ ነው የሚሄደው። ማኑቢሪዮውን (መሪውን) ቆማችሁ ወገባችሁን ሳታጎብጡ የምትይዙት ከፍታ ላይ አስተካክሉ። የፍሪሲዮንና የፊት ፍሬን ሽቦ አውጥታችሁ ዘይት አጠጡ፣ በአንድ ጣት ካልተሳበ ዳገት መሃል ላይ እጃችሁ ይዝላል።

ካርቦራቶር ላይ የኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ ባህር ዳር 1,800፣ ጮቄ አናቱ ላይ ደግሞ ከ4,000 በላይ ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበቱን ያጣል፣ ማርቆስ ላይ ባህር ጠረፍ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉ የለም ማለት ይቻላል፣ ቤንዚኑም ይበዛበትና ይታፈናል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ትራያል ላይ ነዳጅ እምብዛም ስለማትሰጡ ትልቁን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ብቻ መቀየር አይበቃም፣ ወሳኟ ትንሿ የሚኒሞ ጂግለር ናት። መጀመሪያ የአየር ብሎኗን ሩብ ሩብ ዙር ወደ ውጪ እየፈታችሁ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ሳይደነቅፍ ወዲያው የሚነሳበትን ቦታ ፈልጉ። ደጀን ላይ ያስተካከላችሁት ሞተር አባይ በረሃ ሲወርድ ሌላ ሞተር ይሆናል፣ ስለዚህ ውድድሩ በሚደረግበት ቦታ ነው ማስተካከል ያለባችሁ። ሞተራችሁ ቱ ስትሮክ (ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥል) ሆኖ የዘይት ፓምፑን የማታምኑት ከሆነ ሊትር ቤንዚን ላይ 30 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ቀላቅላችሁ ንዱ።

ጎማ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትክክለኛው የትራያል ጎማ ከፊት 2.75 በ21 ከኋላ 4.00 በ18 ሆኖ ጎኑ የሚለጠጥ ለስላሳ ነው፣ እዚህ ማግኘት ከባድ ነው። እሱ ከሌለ ያላችሁን የገጠር ጎማ ነፋሱን ወደ 10 ፒኤስአይ አውርዱት። ይሄን ስታደርጉ ግን ጎማው ቸርኬው ላይ እንዳይዞር የሚቆነጥጠው ብሎን መግባት አለበት፣ አለበለዚያ ጎማው ሲዞር ካላማዳሪውን ይዞ ይዞርና ነፋስ መሙያው ይቆረጣል። ጎሚስታ ዘንድ ስትሄዱ ይሄን አስረዱት፣ 10 ሙላልኝ ስትሉት ተሳስተው ነው ብሎ 30 ይሞላላችኋልና መለኪያውን ራሳችሁ እዩ።

ወቅቱን በተመለከተ። ከሰኔ እስከ መስከረም አትሞክሩት፣ ብቸና ደጀን መስመር ያለው ዋልካ ጭቃ በቸርኬና በፓራፋንጎ መሃል ጠቅጥቆ ሞተሩን ያስቆመዋል። ህዳርና ታህሳስ አዝመራ ነው፣ ጤፍና ስንዴ ያልታጨደበት አገር ላይ ሞተር ይዞ መሄድ ነውር ነው። ጥሩው ጊዜ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ነው፣ ማሳው ተነስቷል፣ ወንዙ ቀሎ ድንጋዩ ወጥቷል። ቀኑን ስትመርጡ ከገጠሩ በዓል ጋር አዛምዱት፣ በሚካኤል ወይ በማርያም ቀን ገበሬው አያርስም፣ ወጥቶ ያያል፣ ግን ቅዳሴ ሳይወጣ ሞተር እንዳታስነሱ። አዊ ዞን ከሆነ ደግሞ ጥር 23ን ተዉት፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፣ እንጅባራ በፈረስ ሞልታ የዶቅዶቄ ድምፅ ማሰማት ፈረሱን ማስበርገግ ነው።

ቦታ የምትመርጡት በእግር እየሄዳችሁ ነው፣ ከሞተር ላይ ሆኖ ያየ ሰው ይሸወዳል። ጢስ አባይ አካባቢ ያለው ጥቁር አለት በጣም ይይዛል፣ ሲደርቅ ጎማ አያንሸራትትም፣ እርጥብ ሲሆን ግን ሳሙና ነው። እንጅባራና ፋግታ ለኮማ በኩል ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ የተቆረጠበት ተዳፋት አለ፣ ጉቶውን ካላያችሁ ሞተርም ሰውም ይሰብራል። የማትነኳቸውን ደግሞ ልናገር፦ የቤተክርስቲያን ደን፣ ፀበል ያለበት ምንጭ (ሰከላ ግሽ አባይ ፈፅሞ)፣ ሰው ውሃ የሚቀዳበት ጅረት፣ አውድማ። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ይዛችሁ ከብት የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ከገባችሁ ሁለተኛ የሚፈቅድላችሁ የለም፣ ልክም ናቸው።

የመሬቱን ባለቤት ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። «አያ፣ ለአንድ ቀን ከወንዙ ዳር ያለውን ድንጋያማ ቦታ ይፍቀዱልን፣ የሚበላሽ ካለ እናስተካክላለን፣ ልጆችዎም ሊያዩ ይምጡ» ነው የሚባለው፣ ክፍያ ካለም እዛው ሽማግሌው ፊት ይነገር። ከዛ ቀበሌ፣ የወረዳው ስፖርት ፅህፈት ቤት፣ ሰላምና ፀጥታ፣ ፖሊስ፣ ሁሉንም በደብዳቤ። አሁን ባለው ሁኔታ ብዙ ሞተር ተሰብስቦ ሲሄድ ሰው ይደነግጣል፣ ስለዚህ የነጂዎቹን ስም፣ ታርጋና የሚሄዱበትን መንገድ ዘርዝራችሁ አስገቡ፣ ካልተፈቀደ በቃ አይደረግም።

ለመጀመሪያ ጊዜ 6 ሴክሽን ሶስት ዙር ይበቃል፣ 18 ፈተና ማለት ነው፣ ከፍተኛው ቅጣት 90። ውጪ ላይ 10 ሴክሽን በሶስትና በአራት ዙር የተለመደ ነው ግን የዳኛ ብዛት ይጠይቃል፣ እናንተ በየሴክሽኑ ሁለት ሰው ማቆም አለባችሁ፣ አንዱ እግር ይቆጥራል አንዱ ይፅፋል። የአንዱ ሴክሽን ርዝመት ከ20 እስከ 40 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ምልክቱ በቀኝ ቀይ፣ በግራ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፣ ችካሉ ከባህር ዛፍ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ይሁን፣ ሰው ቢወድቅበት የሚተጣጠፍ፣ ጫፉ ያልሾለ። በመሃል ደግሞ ለጀማሪ ቀለል ያለ መተላለፊያ በቢጫ ጨርቅ አሳዩ፣ ሁለቱም ምድብ በአንድ ሴክሽን ይሄዳል።

ሴክሽን ስትሰሩ ከባድ ለማድረግ አትቸኩሉ። ጥሩ ሴክሽን ማለት ደፋሩን የሚሰብር ሳይሆን አሳቢውን የሚለይ ነው፣ ከጠባብ ዙር ወጥቶ ወዲያው ዳገት፣ ወይ ጅረት ተሻግሮ ድንጋይ ላይ መታጠፍ። ውሃው ከቸርኬው መሃል አይለፍ። ሞተር ተንሸራቶ የሚወርድበት አቅጣጫ ላይ ማንም አይቁም፣ ተመልካች ሁልጊዜ ከላይ ወይ ከጎን ነው፣ ልጆች ደግሞ ገመድ ብቻውን አያቆማቸውምና የሰፈሩን ጎረምሶች አንድ ዓይነት ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስራችሁ አስተናባሪ አድርጓቸው፣ የሚሰሟቸው እነሱን ነው። ሁሉም ሴክሽን ከተሰራ በኋላ ከመካከለኛ ነጂዎች አንዱ ሞክሮ ይለፈው፣ ማንም ማለፍ ካልቻለ ቀለል አድርጉት።

አሁን መንዳቱ። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ሴክሽኑን በእግራችሁ ሂዱበት፣ ከመውጫው ወደ መግቢያው ተመልሳችሁም እዩት። የፊት ጎማው የሚያልፍበትን ብቻ ሳይሆን የኋላው የት እንደሚገባ አስቡ፣ ዙር ላይ የኋላው ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ድንጋዩን ግን እንዳትነኩት፣ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው።

ስትነዱ ቁሙ፣ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይበል፣ ዓይን ከፊት ጎማ ላይ ይነሳ፣ ሁለት ሶስት ሜትር አርቃችሁ እዩ። ጠባብ ዙር ላይ ሞተሩን ወደ ውስጥ አጋድሉት፣ ሰውነታችሁን ግን ወደ ውጪ፣ ክብደታችሁን በውጪኛው መርገጫ ላይ ጣሉት፣ አስፋልት ላይ ከለመዳችሁት ጋር ተቃራኒ ነው፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከብደው። ዳገት ላይ ጉልበቱን ከታች ይዛችሁ ግቡ፣ መሃል ላይ ነዳጅ ብትጨምሩ ጎማው ቆፍሮ ይቆማል፣ አናቱ ሊደርስ ሲል ነዳጁን ቀንሱት። አንሸራታች ከሆነ ከአንደኛ ይልቅ ሁለተኛ ማርሽ ይሻላል። ቁልቁለት ላይ አንደኛ ማርሽ፣ ሞተር እንደተነሳ፣ ወገብ ወደ ኋላ፣ የፊት ፍሬን በስሱ፣ ፍሪሲዮን ይዛችሁ አትውረዱ።

አንድ ነገር ላስምርበት፣ እግር ማውረድ አያሳፍርም። ሚዛን ሊለቃችሁ ሲል አንዴ አስነክቶ በ1 ነጥብ ማለፍ፣ ኩራት ይዟችሁ ወድቆ 5 ከመውሰድ በጣም ይሻላል። አሸናፊዎቹ ይሄን ሂሳብ የሚያውቁት ናቸው። እግራችሁ መሬት ላይ እያለ ሞተሩ ከጠፋ ግን 5 ነው፣ ስለዚህ ፍሪሲዮኑን ሁልጊዜ በአንድ ጣት ጠብቁት። ልምምድ ሁለት ድንጋይ ሜዳ ላይ አስቀምጦ ስምንት ቁጥር መዞር ነው፣ ሳምንት በሳምንት እያጠበባችሁ። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ሄልሜት ያላደረገ አይነዳም፣ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ጫማም አይፈቀድም። ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ቀድማችሁ አሳውቁ፣ አንድ መኪና ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ ተቀምጦበት ይጠብቅ፣ ለሌላ ስራ አይላክ። ጠላና አረቄ ውጤት ከተነገረ በኋላ ነው፣ ነጂም ዳኛም። ለምሳ በሶና ቆሎ በቂ ነው፣ ከየሰፈሩ ሴቶች ሻይና ዳቦ እንዲሸጡ ብትነግሯቸው ደግሞ ለአካባቢውም ጥቅም ይሆናል።

ውጤቱን ነጂው ራሱ በሚይዘው ካርድና በዳኛው ወረቀት በሁለቱም ፃፉ፣ ካልተገናኘ የዳኛው ይፀናል፣ ይሄን ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ለሁሉም ንገሩ። እኩል ከወጡ 0 የበዛለት ይቀድማል፣ አሁንም እኩል ከሆነ 1 የበዛለት። ቅሬታ ያለው ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ግማሽ ሰዓት አለው። ችካሉና ገመዱ በዛው ቀን ይነሳ፣ ጎማ የቆፈረው አፈር በአካፋ ይመለስ፣ ከዛ የመሬቱን ባለቤት ጠርታችሁ አዙራችሁ አሳዩትና የተስማማችሁትን ክፈሉ።