አውሮፕላን ከመጥራታችሁ በፊት፦ በሕመምተኛና በጭነት በረራ ደጋግመን የምናያቸው ስህተቶች

የእኛ ሥራ በትንንሽ አውሮፕላን ነው። ጠዋት መድኃኒትና ክትባት ወደ ክልል እንወስዳለን። ከሰዓት ወንበር ነቅለን ቃሬዛ አስገብተን ሕመምተኛ ወደ ቦሌ እናመጣለን። እኔ ስልክ የማነሳው ሰው ነኝ፤ የበረራ አስተባባሪ። ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ እንደማየው አብዛኛው ጣጣ የሚጀምረው ሞተሩ ሳይነሳ፣ ስልኩ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሚደውሉልን ሰዎች ነው። ለክልል ሐኪሞችና ነርሶች፣ ለድርጅት ሎጂስቲክስ ሠራተኞች፣ ለቤተሰብም።

"ኧረ ቀላል ሰው ነው"

ኪሎ ስጠይቅ የሚመጣልኝ መልስ፦ "ቀጭን ነው።" "መካከለኛ ናት።" "እሷ ምንም አትከብድም!" እኔ የጠየቅኩት ቁጥር ነው። ሴት ልጅን ኪሎዋን መጠየቅ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። አውሮፕላኑ ግን ይሉኝታ የለውም።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ግራንድ ካራቫን የምትባለው የሴስና አውሮፕላን ስትነሳ የተፈቀደላት ጠቅላላ ክብደት 3,969 ኪሎ ነው። ባዶዋን ከ2 ቶን በላይ ትመዝናለች። የነዳጅ ታንኩ ጢም ካለ ነዳጁ ብቻ 1 ቶን ገደማ ነው። በቀረው ላይ ፓይለቶች፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ ቃሬዛ፣ ሞኒተር፣ ኦክስጅንና ሕመምተኛው ይደመራሉ። ይህም ማኮብኮቢያው በቂ ርዝመት ሲኖረው ነው። ከፍታ ላይ በቀትር ሙቀት አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል። መቀሌ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ጠዋት በአንድ ሰዓት የሚነሳው ጭነት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ላይነሳ ይችላል።

አንድ ጊዜ ዳሌው የተሰበረ ሰው ልናነሳ ሄድን። የተስማማነው አንድ አጃቢ ብለን ነበር። አውሮፕላኑ ሲያርፍ አምስት ሰው ተሰልፎ ጠበቀን። አንድ ጀሪካን ማርና አንድ ጆንያ እህልም አብሯቸው ነበር፤ አዲስ አበባ ለሚያስተናግዷቸው ዘመዶች። አይፈረድባቸውም፤ በአገራችን ታማሚ ብቻውን አይላክም። ፓይለቱ "አይሆንም" ሲል ግን ነገሩ ወደ ሽምግልና ሄደ። እውነቴን ነው፣ ማኮብኮቢያው ዳር ሽማግሌ ተቀመጠ! ፀሐይዋ እየወረደች፣ ሕመምተኛው ኦክስጅን እየሳበ፣ ማን ይሂድ ማን ይቅር ተብሎ ተመከረ።

ማን እንደሚሄድ ቤት ውስጥ ጨርሱ። አጃቢውን ሚዛን ላይ አቁሙት። ሻንጣውንም መዝኑ። ማሩ በአውቶቡስ ይምጣ።

"ኦክስጅን አለን"

ስንት? "አንድ ሲሊንደር" መልስ አይደለም። የሲሊንደሩን መጠን በሊትር፣ በጌጁ ላይ ባለው ባር (የግፊት መለኪያ) አባዙት። ባለ 5 ሊትር ሲሊንደር 100 ባር ካሳየ ውስጡ 500 ሊትር አለ። ሰውየው በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ ከሆነ 50 ደቂቃ ነው፣ አለቀ። ከጎዴ ቦሌ በካራቫን ሁለት ሰዓት ያህል ያስበርራል። ከሆስፒታል እስከ ሜዳው ያለው መንገድ፣ ቃሬዛው እስኪገባ የሚጠበቀው፣ ቦሌ ላይ እስከ አምቡላንሱ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ይደመራል። እኛ የራሳችንን ይዘን እንመጣለን። ምን ያህል እንደምንይዝ ግን የምንወስነው እናንተ የነገራችሁንን አኃዝ ይዘን ነው።

ከፍታን መርሳት

ጎበዝ ሐኪሞችም የሚስቱት ይህን ነው። ጎዴ ከባሕር ጠለል በላይ 250 ሜትር አካባቢ ናት። ቦሌ 2,334 ሜትር ነው። የትልልቅ ጄቶች ካቢን በረራ ላይ እያለ አየሩ ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሳሳ ይደረጋል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሕመምተኛ ቦሌ ላይ ሲወርድ፣ መሬት ረግጦም ቢሆን፣ የጄት ካቢን ውስጥ እንዳለ ሰው ነው። ጎዴ ላይ የደም ኦክስጅኑ 93 በመቶ የነበረ ሰው ሕመሙ ምንም ሳይብስ አዲስ አበባ ላይ ዝቅ ሊል ይችላል። "ሲያርፍ ይሻለዋል" የሚባለው አባባል ከፍታ ላይ ላለችው ለናይሮቢም አይሠራም፣ ለእኛ ደግሞ ጭራሽ።

ካራቫን ግን ካቢኗ እንደ ጄቶቹ የአየር ግፊቱ የሚጠበቅ አይደለም። ተራራ ለማለፍ 3,600 ሜትር ከወጣች ሕመምተኛውም አብሮ 3,600 ሜትር ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ፣ ከጎዴ የተነሳ የታሰረ አየር በግማሽ ያህል ይሰፋል። ደረት ውስጥ ከሳንባው ውጭ የተጠራቀመ አየር ካለ ቼስት ቲዩቡ (አየሩን የሚያወጣው የደረት ቱቦ) ከመነሳታችን በፊት ይግባ። "ትንሽ ናት፣ እያየን እንሂድ" አይባልም። አየር ላይ ቦታ ጠባብ ነው፣ ይንገጫገጫል፣ ጫጫታው በሐኪም ማዳመጫ (ስቴቶስኮፕ) ምንም አያሰማም። አንጀቱ ለተዘጋ ሰው በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ ይግባለት። የመተንፈሻ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችው ፊኛም በአየር የተሞላች መሆኗን አትርሱ፤ እሷም ትሰፋለች። በቅርቡ የሆድ ወይም የዓይን ቀዶ ሕክምና ከነበረ በመጀመሪያው ስልክ ንገሩን።

ግፊት ያለው ካቢን ያስፈልጋል ካላችሁ በጊዜ በሉን። እንደ ኪንግ ኤር ወይም ፒላተስ ፒሲ-12 ያለ ሌላ አውሮፕላን መፈለግ አለበት።

"አልጋ እዚያው ይገኛል"

አይገኝም። የሪፈር ወረቀት አልጋ አይደለም። የተቀባዩን ሐኪም ስም፣ ስልክና ክፍል ሳትነግሩን አንነሳም። ከቦሌ እስከ ሆስፒታሉ የሚወስደው መኪናም ኦክስጅን ያለው ይሁን።

ሰዓት

ፓይለቶች የሚጽፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የድርጅት ሠራተኞች በፈረንጅ ይጽፋሉ። ጤና ጣቢያው በእኛው ይቆጥራል። የጠዋቱ 2 ሰዓት በፈረንጅ 8 ነው፤ በፓይለቱ ወረቀት ላይ ደግሞ 05:00። አንድ ሎጂስቲክስ ሠራተኛ "8:00 ላይ ሜዳው ጋ" ብሎ መልእክት ላከ። አውሮፕላኑ ጠዋት ደረሰ፣ ሕመምተኛው ከቀኑ ስምንት ሰዓት መጣ። ሁለቱም ወገን "እኛ በሰዓታችን ተገኝተናል" አለ። "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" የምትለዋን ቃል መጻፍ ምን ያስከፍላል?

ደግሞ ማታን አስቡ። መብራት የሌለው ማኮብኮቢያ ላይ ከመሸ አናርፍም። ሩቅ ቦታ ሆኖ ከቀኑ በ10 ሰዓት የደወለ ሰው፣ አውሮፕላኑ ተዘጋጅቶ እስኪደርስ ይመሽበታል። "እስኪ እስከ ከሰዓት እንየው" ከማለታችሁ በፊት ጠዋት ደውላችሁ አስጠንቅቁን። በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደመናው ራሱ በሩን ይዘጋዋል።

"ሜዳው ደህና ነው"

ማን አየው? ዛሬ ነው? ከዳር እስከ ዳር በመኪና ሄዳችሁ ነው? ጎማው ከሰመጠ ንገሩን። ከብት የሚጠብቅ ሰውም መድቡ።

የጭነት ሰዎች፣ እናንተም አላችሁ

ክብደት ብቻ አይደለም የሚከፈለው። በካርጎ የተለመደው ስሌት ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል። 190 በ90 በ20 የሆነች ስፖንጅ ፍራሽ 57 ኪሎ ትቆጠራለች። በአንድ እጅ ብታነሷትም።

ባትሪን "ኤሌክትሮኒክስ" ብላችሁ አትደብቁ። ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት መልክ አይሄድም። ካርቶን ሙሉ ፓወር ባንክም እዚሁ ውስጥ ነው። እሳት ከተነሳ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ መሸሻ የለም።

ክትባት የምትልኩ ደግሞ ሙቀትን ብቻ ትፈራላችሁ። የሚያሳዝነኝ ቅዝቃዜው ነው። ፔንታቫለንት፣ ሄፓታይተስ ቢና ቴታነስ በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉ፤ ጠርሙሱን በማየት ብቻ ሁልጊዜ አይታወቅም። አይስ ፓኩን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ አትክተቱ። ሲነቀንቁት ውስጡ ውኃ እስኪንቦጫቦጭ ውጭ ይቆይ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚባለው ወደ ታችም ወሰን አለው።

ናይሮቢ ለሚሄዱ

ድንበር የሚሻገር በረራ የበረራ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ሕመምተኛውና አጃቢው ደግሞ ፓስፖርት። ሕመምተኛ መሆን ከኢሚግሬሽን ነፃ አያወጣም። ከመጀመሪያው መልእክታችሁ ጋር የሁለቱንም ፓስፖርት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፤ የሚያበቃበት ቀን በግልጽ የሚነበብበትን ገጽ።