ጀሪካኑን ዝቅ ሳደርገው ብስክሌቷ ተረጋጋች

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ለእኛ እግራችን ነው። ውኃ ሲጠፋ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የማመላልሰውም በብስክሌቴ ነው።

ችግሬ ሚዛን ነበር። ጀሪካኖቹን ከኋላ ያለው መጫኛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ አስራቸዋለሁ። ስነሳ መሪው ይቀለኛል፣ ኋላዋ ይወዛወዛል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ አይጣል ነው! አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ ወደቅኩ። አንዱ ጀሪካን ተሰነጠቀና ውኃው እንዳለ አስፋልት ላይ ፈሰሰ። ውኃ በጠፋበት ሳምንት ያንን ማየት ያማል።

መጀመሪያ ገመዱ የላላ መስሎኝ ነበር። አጥብቄ ባስረውም ለውጥ የለም። ለካ ጣጣው 40 ኪሎው ከጎማው በላይ ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው።

በያጅ ጋ ሄጄ ከፌሮ ሁለት ቅርጫት አሠራሁ። ከመጫኛው ግራና ቀኝ ይንጠለጠላሉ፤ ታችኛው ጫፋቸው ከኋላው ጎማ ዘንግ ጋር በብሎን ይታሰራል። ጀሪካኑ አሁን ከጎማው ጎን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ፔዳል ስመታ ተረከዜ እንዳይነካቸው አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ አስገፋኋቸው። ይህን ሳትለኩ እንዳታስበይዱ። ማሰሪያዬ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ነው፤ ስለሚለጠጥ እንደ ገመድ በንዝረት አይላላም። የኋላ ጎማዬንም ጠንከር አድርጌ አስነፋሁ።

የምትጭኑት 20 ሊትር ብቻ ከሆነ በሁለት ባለ 10 ክፈሉት። አንድ ጎኗ ብቻ ከከበደ መሪው ይጎትታችኋል።

ትናንት ሦስት ዙር ተመላለስኩ። ጠብታ አልፈሰሰም።