አዲሱ ላፕቶፕ ዋይፋይ ይዞ ኢንተርኔት እምቢ ሲል

ስልኩ ይሠራል፣ አዲሱ ላፕቶፕ ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል። መጀመሪያ የስልኩን ዳታ አጥፉና በዋይፋይ ብቻ ሞክሩት። ከሠራ መስመሩ ደህና ነው፤ ለኢንተርኔት አቅራቢው መደወል አያስፈልግም።

ቀጥሎ የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ እዩ። ዊንዶውስ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ብላችሁ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲቸግረው ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው፣ የትም አያደርስም። ዋይፋዩን «ፎርጌት» በሉትና ፓስዎርዱን እንደገና አስገቡ። እምቢ ካለ ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ መልሱት።

ቁጥሩ በ192.168 ከጀመረ ግን ሁለቱ ተግባብተዋል። ያኔ ዲኤንኤሱን፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት፣ ወደ ጉግሉ 8.8.8.8 ቀይሩ። ቀንና ሰዓቱንም እዩ፤ አዲስ ዕቃ አንዳንዴ የተዛባ ቀን ይዞ ይመጣል፣ በዚህ ብቻ ድረ ገጾች «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ ይዘጉባችኋል።

ፓስዎርዱ ልክ ሆኖ ጭራሽ አልገናኝም ካለስ? ራውተሩ ላይ የማክ ፊልተር በርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የማክ አድራሻቸው (የየዕቃው የኔትወርክ መለያ ቁጥር) የተመዘገበላቸውን ብቻ የሚያስገባ ነው። ጎረቤት እንዳይጠቀም ተብሎ የዛሬ ስንት ዓመት የተከፈተውን ማን ያስታውሳል! የላፕቶፑን የማክ አድራሻ እዚያ መዝግቡት። ዊንዶውስ አድራሻውን የሚቀያይርበትን «ራንደም ሃርድዌር አድሬስ» የሚለውንም አጥፉ፣ አለዚያ ነገ ያው ነው።