ደሴና ኮምቦልቻ ድንኳን ውስጥ ስታድሩ፦ የመጀመሪያው ሌሊት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመኪና ቅርብ ናቸው፤ ሌሊታቸው ግን ለየቅል ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ላይ የሚያስቸግረው ብርዱ ነው፣ ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር ደግሞ ቢምቢው።

የብዙው ችግር መነሻ ቦታው በጥድፊያ መመረጡ ነው። እኛ አገር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ከገባች ወዲያው ይጨልማል። 10 ሰዓት ላይ ቦታው ድረሱ።

ብርድ አላስተኛ አለ

ጋቢ ደርባችሁም ጎናችሁ ከቀዘቀዘ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። የተኛችሁበት ልብስ በክብደታችሁ ስለሚጨፈለቅ ሙቀት አይዝም። ከደረባችሁት አንዱን አንሱና ከስር አንጥፉት። ስፖንጅ ከሌለ ካርቶን ዘርጉ። ካርቶንን አትናቁት፣ በእውነት ይሠራል።

ሌላው ምክንያት ቦታው ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ከተራራው ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ህዳርና ታህሳስ ላይ አመዳይ ቀድሞ የሚመታው የትኛውን ማሳ እንደሆነ ገበሬውን ጠይቁት። እናንተ ከዚያ ትንሽ ከፍ በሉ፤ ነፋስ የሚበዛበት አናት ላይ ግን አትውጡ። ሽቅብ ስትወጡ በላብ የራሰውን ካናቴራም ሳትተኙ ቀይሩ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር

ድንኳን ውስጥ ከሰል አስገብታችሁ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ወዲያው ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ። የተኛውን ቀስቅሱ፣ የማይነቃውን ጎትታችሁ አውጡ። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ተሻለኝ ያለውም ቢሆን ይታይ።

ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» የሚለው አባባል ሰው ይገድላል። በሩን ገርበብ ማድረግም አያድንም። እባካችሁ፣ ምድጃው ውጭ ይደር። ሙቀት ካስፈለጋችሁ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ጠንካራ ኮዳ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሙሉና በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ስር አድርጉት።

ሳይዘንብ ድንኳኑ ረጠበ

ትንፋሻችሁ ነው። ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። የላይኛውን መስኮት በጥቂቱ ክፈቱ።

ዘንቦ ወለሉ ራሰ

ከስር ያነጠፋችሁት ላስቲክ ከድንኳኑ ጠርዝ ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ስራችሁ ያስገባል፤ ዙሪያውን ወደ ውስጥ እጠፉት። ላስቲኩ ደህና ከሆነ ድንኳኑ የተተከለው የጎርፍ መውረጃ ላይ ነው፣ አንሱት። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደግሞ በፍጹም አትተኙ። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ሊደርስባችሁ ይችላል።

ካስማው አልይዝ አለ

ካስማውን ጫፉ ወደ ድንኳኑ፣ አናቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጋችሁ ምቱት። የረጠበ ጥቁር አፈር ይለቃል፣ ስለዚህ ካስማው ላይ ትልቅ ድንጋይ ጫኑበት። ድንጋያማ መሬት ላይ ገመዱን በቀጥታ ከድንጋይ ጋር እሰሩ።

ባቄላው አልበስል አለ

ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ባቄላውን ከቤት ዘፍዝፋችሁ አምጡ፣ ወይም ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ።

ቢምቢ በዛ

ከ2,000 ሜትር በታች ወባ ስለሚኖር ኮምቦልቻ ላይ አጎበር የግድ ነው። ከረግረግና ከቆመ ውሃ ራቁ። ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ካተኮሳችሁ ተመርመሩ፣ የት እንዳደራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

ጅብ ቀረበ

የጠራው የምግብ ሽታ ነው። አጥንትና ትርፍራፊ አጠገባችሁ አትጣሉ፤ ምግቡን መኪና ውስጥ ቆልፉበት። ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ፣ ዚፑ ተዘግቶ ይተኛ።

ሰዎች መጥተው «እነማን ናችሁ?» አሉ

መጠየቃቸው ልክ ነው። ተነሱና ሰላምታ ስጡ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ ቡና ካለ አቅርቡ። መደረግ የነበረበት ግን ቀን ነው፤ ቀበሌውን ማሳወቅ፣ ባለመሬቱን ማስፈቀድ፣ የአካባቢውን ፀጥታ መጠየቅ። አታድሩ ካሏችሁ ሳትከራከሩ ተመለሱ። ከሰፈሩ ሰው አብሯችሁ የሚያድር ዘበኛ ካገኛችሁ ሂሳቡን ሳይመሽ ተነጋገሩ፣ እራትም አብራችሁ ብሉ።