መብራት በመጣ ቁጥር የሚቃጠል የከፍተኛ ቮልቴጅ ፊውዝ

ጎንደር፣ አዘዞ፣ አንድ ዱቄት ፋብሪካ። 315 ኬቪኤ (የአቅም መለኪያ) ትራንስፎርመር፣ 15 ኪሎቮልት መስመር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሦስቱ ፊውዞች አንዱ ይቃጠላል። ትራንስፎርመሩን በሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ለካን፤ ጤነኛ ነው። ኬብሉን ቀየርን፤ ወይ ፍንክች! የተቃጠለውን ብቻ መተካትም አያዋጣም፤ የተረፉት ውስጥ ውስጡን ተጎድተው ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ከተቃጠሉት ፊውዞች አንዱን ሰንጥቀን አየነው። ውስጡ አሸዋ ነው፤ በመሃሉ ከብር ማዕድን የተሠራ ቀጭን ጥብጣብ ያልፋል። ጥብጣቡ የቀለጠው አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ነው። እዚያች ጋ አሸዋው ተጋግሮ ጠጠር ሆኗል። ከባድ ሾርት ቢሆን ኖሮ ጥብጣቡ ከዳር እስከ ዳር በቀለጠ ነበር። ፊውዙ 16 አምፔር ነው። ትራንስፎርመሩ በሙሉ ጭነት 12 አምፔር ገደማ ቢወስድም፣ ሲበራ ለቅጽበት አሥር እጥፍ ሊስብ ይችላል፤ 16ቱ ይህን አልቻለም።

መስመሩን አስቆርጠን፣ መሬት አስነክተን ሦስቱንም በ31.5 አምፔር፣ 17.5 ኪሎቮልት ፊውዝ ቀየርን። በቃ፣ ቆመ። የእናንተን ልክ ግን ከአምራቹ ሠንጠረዥ እዩ።