ከጭርት እስከ ሻገተ እንጀራ፦ በፈንገስ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ፈንገስ ተክልም ባክቴሪያም አይደለም። የአብዛኛው ዝርያ አካል ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ክር ነው። ክሩ የሚኖርበትን ነገር እየሰረሰረ ይገባል፣ ኢንዛይም ወደ ውጭ ያመነጫል፣ ምግቡን እዚያው አሟሙቶ ይመጠዋል። ሻጋታ ላይ የምናየው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ብናኝ የሚራባበት ስፖር ነው፤ ክሩ ከሥር ነው ያለው። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ለዓይን የታየውን ብቻ ፈንገስ ብሎ ከመቁጠር ነው።

ጭርት ላይ ስቴሮይድ መቀባት

በቆዳ ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሰው ፋርማሲ ገብቶ «የሚያሳክክ ነገር ወጣብኝ» ይላል፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባለ ስቴሮይድ (እብጠትንና ማሳከክን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ክሬም ይዞ ይወጣል። በሁለት ሦስት ቀን ማሳከኩ ያቆማል፣ እብጠቱ ይበርዳል፣ የዳነ ይመስለዋል። ማሳከኩና እብጠቱ ግን ሰውነት ፈንገሱን ሲዋጋ የሚፈጠሩ ናቸው። ስቴሮይዱ ውጊያውን ያስቆማል፤ ፈንገሱን አይነካውም። ክብ የነበረው ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ቦታው ወደ ጎን ይሰፋል፣ ክሬሙ ሲቋረጥ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ብብትና ጉያ ላይ ከሆነ ደግሞ ቆዳው ይሳሳል፣ የማይጠፋ ሸንተረር ይቀራል።

ስለዚህ ከንግድ ስሙ ሥር በትንሹ የተጻፈውን ያንብቡ። ክሎትሪማዞል፣ ሚኮናዞል፣ ኬቶኮናዞልና ተርቢናፊን የፈንገስ መድኃኒቶች ናቸው። ክሎቤታሶልና ክሎትሪማዞል በስም ስለሚቀራረቡ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ፊደሉን ለይተው ይዩ። ሁለቱም ዓይነት በአንድ ቲዩብ የተቀላቀለበት ክሬምም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ። ጭርት መሆኑ ካጠራጠረ ከጠርዙ ቅርፊት ተፍቆ፣ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ርሶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ይደርሳል። ቀድሞ የተቀቡት ነገር ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ የምርመራውን ውጤት ሊያዛባ ይችላልና።

ቆዳው ሲጠራ ወዲያው ማቆም

1 በመቶ ክሎትሪማዞል በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። ከሚታየው ጠርዝ 2 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ መቀባት ያስፈልጋል፤ ክሩ ከጠርዙ ቀድሞ ሄዷል። ቆዳው ከጠራ በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጨመር።

የልጆችን ቆረቆር በቅባት ለማዳን መሞከር

በኢትዮጵያ የራስ ቆረቆር ዋነኛ አምጪ ትሪኮፊቶን ቫዮላሲየም የተባለው ዝርያ ነው። ይህ ፈንገስ የሚያድገው ፀጉሩ ውስጥ ነው። ፀጉሩ ከሥሩ እየተሰበረ በራስ ቅል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መስሎ ይቀራል። ቅባት እዚያ ውስጥ አይደርስም፤ የሚያስፈልገው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ግሪሴዮፉልቪን በልጁ ክብደት ተሰልቶ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይጨምራል። ተርቢናፊንም ለዚህ ዝርያ ጥሩ ይሠራል። የኬቶኮናዞል ሻምፑ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጨመር ወደ ሌሎች ልጆች የሚዛመተውን ስፖር ይቀንሳል፤ ብቻውን ግን አያድንም።

አንዳንድ ልጅ ላይ ቦታው አብጦ፣ ለስልሶ፣ መግል ያወጣል። እብጠት ነው ተብሎ እንዳይበጣ! ይህ ሰውነት ለፈንገሱ የሚሰጠው ኃይለኛ ምላሽ ነው፤ ሳይታከም ከቆየ ፀጉር ዳግም የማይበቅልበት ጠባሳ ይተዋል፣ መበጣት ደግሞ ጠባሳውን ያብሰዋል። ልጁ ቶሎ ሐኪም ይየው። የወንድም የእህቶቹም ራስ ይታይ፤ ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ሻሽ ይለይ። የፀጉር ቤት ማሽን ደግሞ በመጀመሪያ ፀጉሩ ተጠርጎ ሊወጣለት ይገባል፤ ምላጩ ላይ የቀረው ቁራጭ ስፖሩን ከማጽጃው ይከልለዋል።

ለፈንገስ አንቲባዮቲክ መውሰድ

አሞክሲሲሊን የባክቴሪያን ግድግዳ ያፈርሳል። የፈንገስ ግድግዳ የተሠራው ከካይቲንና ከግሉካን ስለሆነ መድኃኒቱ የሚያፈርሰው ነገር አያገኝም። ይባስ ብሎ በሴቶች ብልት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲገድል ካንዲዳ ለተባለው እርሾ፣ ማለትም ለሌላ የፈንገስ ዓይነት፣ ሜዳው ይለቀቅለታል።

የፈንገስ ሕዋስ ከባክቴሪያ ይልቅ ለሰው ሕዋስ ይቀርባል፤ ስለዚህ የሚዋጡት መድኃኒቶች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የኬቶኮናዞል ክኒን ጉበት ስለሚጎዳ በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይታዘዝ አድርጓል፣ የአውሮፓው ደግሞ ከገበያ እንዲታገድ መክሯል። ሻምፑውና ክሬሙ ይህ ችግር የለባቸውም።

ቋቁቻን እንደ ቆሻሻ መፈተግ

የቋቁቻ እርሾ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ሙቀት፣ ላብና ቅባት ሲበዛ ይባዛል። ከሰው አይጋባም፣ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። ሎሚ መቀባት ፀሐይ ሲነካው ቆዳን ያቃጥላል። 2.5 በመቶ ሴሌኒየም ሰልፋይድ በየቀኑ ለአንድ ሳምንት ተቀብቶ፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። ነጣ ያለው ቀለም ለመመለስ ወራት ስለሚፈጅ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ በላይ በላዩ አይቀባ። አለመዳኑ የሚታወቀው በጥፍር ሲፋቅ ደቃቅ ቅርፊት ከተነሣ ነው።

የሻገተውን ቆርጦ ቀሪውን መብላት

እንጀራ እርጥብና ባለ ዓይን ስለሆነ ክሩ ከታየው ነጥብ ርቆ ይሄዳል። ሻጋታ የታየበት እንጀራ ሙሉውን ይጣል። አድርቆ ድርቆሽ ማድረግም አያድነውም፤ ፀሐይ ክሩን ቢገድልም መርዙ ይቀራል።

መርዝ ስንል ከሁሉ የሚያሳስበው አፍላቶክሲን ነው። አስፐርጂለስ የተባሉ ሻጋታዎች በኦቾሎኒ፣ በበቆሎና በበርበሬ ላይ ያመርቱታል። ቅቅልም ቁሌትም አያጠፋውም። በኬንያ በ2004 እ.ኤ.አ. የተበከለ በቆሎ በልተው ከታመሙ 317 ሰዎች 125ቱ ሞተዋል። በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት ሲገባ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ አደጋው ይብሳል። ላም የሻገተ ፋጉሎ ከበላች መርዙ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል፣ ወተቱን ማፍላትም አያስወግደውም።

በርበሬ በመሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በቆጥ ላይ ይሰጣ፤ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ወደ ማዳበሪያ አይግባ። ማዳበሪያው በእንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ኦቾሎኒ ሲገዛ የተጨማደደው፣ የተሰበረውና የጠቆረው ተለቅሞ ይጣል፤ ለቀማው ከመፈጨቱ በፊት መሆን አለበት፣ ዱቄት ሁሉንም ይደብቃልና።

እህልም እንዲሁ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ ኤርጎት የተባለ ፈንገስ የያዘው ሲናር ከገብስ ጋር ተፈጭቶ ተበላ፤ መርዙ የደም ሥሮችን አጥብቦ የሰዎች እግር ደረቀ፣ የሞቱም ነበሩ። ገብስ ሲለቀም ከሌላው ፍሬ የረዘመ፣ ቀንድ የመሰለ ጥቁር ሐምራዊ ፍሬ ከተገኘ ለዶሮም ለከብትም አይሰጥ፤ ይቀበር።